ሰነፍ ዳርቻ

ጋሽ ምላጭ የውሃ ሞተራቸውን በእጅ ጋሪ እየገፉ ከመካኒኩ ጋራዥ ሲደርሱ የተቀበላቸው መካኒኩ አልነበረም፤ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር የተዘረጉ ሁለት እግሮች እንጂ። እግሮቹ ዘይት የጠጣ ሱሪ ለብሰው አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል። ከወዲያኛው ጫፍ ፉጨት ይሰማል።

«አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይ ወጥታ ተጋድመህ ታፏጫለህ? ተነሥና ይቺን በሽተኛ እያት» አሉ ጋሽ ምላጭ።

ፉጨቱ ቆመ። «አንቺ ቢሉኝ ይሻላል ጋሼ። አንተ የሚሉት አባዬ የሞተር ጋርኒሲዮን ሊገዛ ሄዷል፤ እኔ ደግሞ የጠፋች ብሎን ፍለጋ ላይ ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎም የመካኒኩ ልጅ ብሎኗን ጨብጣ፣ አፍንጫዋ ላይ የግራሶ ነጠብጣብ ይዛ ብቅ አለች።

ጋሽ ምላጭ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ሲያፍሩ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ በዓመት ውስጥ ግን ኮፍያቸው ብዙም አይነካም።

«አንቺ ነሽ እንዴ! አድገሽ የለ! ከተማ ትምህርት ቤት ገባች ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«ገባሁ። አሁን ለእረፍት መጣሁ። እንደሚያዩት ግን አባዬ እረፍት የሚባል ነገር አልሰማም።»

«ምንድን ነው የምትማሪው?»

«ስለ ውሃ።»

«ውሃም ትምህርት አለው?» ጋሽ ምላጭ ከልባቸው ሳቁ። «እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ማንም ሳያስተምረኝ እኮ ነው የጠጣሁት!»

«እርስዎ ሳይማሩ ጠጥተዋል፤ እኛ የምንማረው የልጅ ልጆችዎም እንዲደርሳቸው ነው» አለችና መፍቻዋን አንሥታ ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለች።

ጋሽ ምላጭ ይህ መልስ ይሁን ጥፊ ሳይለዩት አንድ ባዶ ሣጥን ስበው ተቀመጡ።

ምላጭ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ሐይቁ ዳር ያለው የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳቸው ጠርዙ እንደ ሙሽራ አገጭ የተላጨ ነበር። ሸምበቆ የለ፣ ሣር የለ፤ የመጨረሻዋ የቲማቲም ችግኝ ቆማ ውሃው ውስጥ መልኳን ታያለች። በዚያ አካባቢ የገበሬ ክብር የሚለካው በዚህ ነው። ሴት ልጁን ሊድር ያሰበ አባት መጀመሪያ በጀልባ አልፎ የአማቹን ማሳ ከውሃው በኩል አይቶ ይመለሳል። ዳርቻው የጸዳ ጎበዝ፤ ሣር ያበቀለ ሰነፍ፤ ፍርዱ ይግባኝ የለውም። ለዚህም ነው ከጋሽ ምላጭ ማሳ አጠገብ ያለችው ሴት፣ ዳርቻዋን መቼ እንደምታጸዳ በተጠየቀች ቁጥር «ነገ» ስለምትል፣ ወይዘሮ ነገ ተብላ የቀረችው።

ልጅቱ የሞተሩን ክዳን ፈታች። ከውስጡ አረንጓዴ ልጋግ እንደ ጉንፋን ንፍጥ ተዝለገለገ።

«እፍ! ጋሼ፣ ሞተርዎ ጎመን በልቶ ነው የመጣው?»

«ሐይቁ ነው ያበላው። ካሁን በፊትም አባትሽ አጽድቶልኛል፤ መልሶ መላልሶ ይታነቃል። ቆይ ግን፣ ነገ ስብሰባው ላይ እነግራቸዋለሁ!»

«ለማን? ለልጋጉ?»

«ለውሃ ቢሮዎቹ! አልሰማሽም? ከውሃው ጫፍ ጀምሮ የአንድ ጭነት መኪና ርዝመት ያህል መሬት እንዳይታረስ፣ ማዳበሪያ እንዳይበተንበት፣ ሣር እንዲበቅልበት ይላል አዲሱ ደንብ። ሣር! ዕድሜዬን ሙሉ ስነቅለው የኖርኩትን! ሐይቁ ሲቆሽሽ እንቆቅልሹ የሚፈታው በእኛ ሆድ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ነገ ምን ሊሉ ነው?»

«አይሆንም ነዋ! ደንቡ የሚጸናው የአምራቾች ማኅበራችን ከተቀበለው ነው። ገበሬው ደግሞ የሚጠብቀው እኔን ነው። ጢሞ ራሱ፣ ‹አንተ ተናገር፤ አንተ ያልከውን ይዘን እጃችንን እናወጣለን› ብሎኛል። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

ጋሽ ጢሞ ከወጣትነት ጀምሮ ባልንጀራቸው ናቸው። ጋሽ ምላጭ ደግሞ ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም። ይህን አገር ያውቃል፤ እሳቸውም አገር እንዲያውቀው ይወዳሉ።

ልጅቱ ልጋጉን በእንጨት ጠርጋ በቆርቆሮ አኖረች። «ጋሼ፣ ይህ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሕይወት ያለው ነገር ደግሞ ሳይበላ አይወፍርም። እስቲ እርስዎ ገበሬ ነዎት፤ ምን በልቶ ይመስልዎታል?»

«የሐይቁን ጭቃ።»

«ጭቃውማ ድሮም ነበረ። ልጅ ሳሉ ሐይቁ እንዲህ ነበር?»

ጋሽ ምላጭ ወደ ቆርቆሮው ጎንበስ ብለው ልጋጉን አዩት። ልጅ ሳሉ ከጀልባ ላይ የጣሉትን ድንጋይ ታች እስኪያርፍ ድረስ በዓይናቸው ይሸኙት ነበር። አሁን የገዛ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ቢያስገቡ ጣቶቻቸው አይታዩም።

«ማዳበሪያዎን ነው የበላው» አለች ልጅቱ። «የርስዎን፣ የጋሽ ጢሞን፣ የሁሉንም። ቲማቲሙን የሚያወፍረው ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ ልጋጉን ያወፍራል። ልጋጉ ማን እንደጋበዘው አይጠይቅም።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው!» ጋሽ ምላጭ ከሣጥኑ ተነሡ። «የከተማው ፍሳሽ በየቦዩ ሲወርድ አይታይሽም? ያን ሁሉ የሳሙና አረፋ፣ ያን ሁሉ የሽንት ቤት ጉድ ትተው ገበሬ ላይ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!»

«ልክ ነዎት።»

ጋሽ ምላጭ ለጠብ ተዘጋጅተው ስለነበር፣ ክፍት በር በትከሻው ሊሰብር እንደተወረወረ ሰው ተንገዳገዱ።

«ልክ ነኝ?»

«አዎ። የከተማውም ፍሳሽ መላ ያስፈልገዋል። ግን ጋሼ፣ ጣራዎ በሁለት በኩል ቢያፈስ፣ ያኛው ካልተደፈነ ይኼን አልደፍንም ይላሉ? የራስዎን ደፍነው ቢሄዱ ከንቲባው ፊት ቆመው፣ ‹እኛ ደፍነናል፤ እናንተስ?› ማለት ይችላሉ። ዛሬ ቢሄዱ ግን ‹አንተስ?› ብለው ይመልሱዎታል።»

«ምላስሽ መፍቻ ነው።»

«የአባዬ ነው፤ ተውሼው ነው።»

እናንተዬ፣ በክርክር መሀል ሰውን የሚረታው ሁልጊዜ የተቃዋሚው ጉልበት አይደለም፤ አንዳንዴ «ልክ ነዎት» መባል የበለጠ ይረታል። ጋሽ ምላጭ ግን ገና አልተረቱም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ በር ሞከሩ።

«ልጄ፣ አባቶቻችንም አርሰዋል። ሐይቁም እንደጠራ ኖሯል። ይህን ምን ትይዋለሽ?»

«አባቶችዎ የሚበትኑት አዛባ ነበር፤ እሱንም በእፍኝ። ዳር ላይ ደግሞ ሸምበቆ ነበራቸው። እርስዎ ሞተሩ አፍ ላይ ወንፊት ያሰሩት ለምንድን ነው?»

«ቆሻሻ እንዳይገባ ነዋ።»

«ሸምበቆውስ ለሐይቁ ምኑ ነበር? ማን መነጠረው?»

«እኔና ጢሞ!» አሉ ጋሽ ምላጭ በኩራት። አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ነው ኩራቱ ያለ ቦታው እንደገባ የገባቸው። ከመደንገጣቸው የተነሣ ወደ ውጭ ተመለከቱ። ሰማዩ ከተራራው ጀምሮ ጠቁሯል። «ይሁን እስቲ! ዝናቡም መጣ። ደግነቱ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ በትኛለሁ።»

ልጅቱ መፍቻዋን አስቀመጠች። «ምኑን ነው የበተኑት?»

«ማዳበሪያውን! ዝናብ ሲያስገመግም መበተን ነው ብልሃቱ። ሞተር አይነሣ፣ ነዳጅ አይቃጠል፤ ዝናቡ ራሱ ያጠጣልኛል። እኛ ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ ደመና ስናይ ከረጢት እንፈታለን።»

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች የጋራዡን ቆርቆሮ መቱት፤ ወዲያው ጣራው እንደ ገበያ ተንጫጫ። ልጅቱ ጮክ ብላ፣ «ጋሼ፣ እንወራረድ!» አለች።

«በምን?»

«አሁን ማሳዎ ሄደን እንይ። ማዳበሪያዎን መደቡ ላይ ካገኘነው ሞተርዎን በነፃ እሠራለሁ፤ የአባዬን ጣጣ እኔ እወጣዋለሁ። ወደ ሐይቁ ሲገባ ካገኘነው ግን ነገ ስብሰባው ላይ ያዩትን ይናገራሉ። ደንቡን ይደግፉ አላልኩም። ያዩትን ብቻ።»

ጋሽ ምላጭ ትንሽ አሰቡ። ያዩትን መናገር ምን ክፋት አለው? «እሺ፤ ብቻ ከረጢት ስጪኝ» አሉ።

ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ባንድ ጎኑ ተቀዶ እንደ ቆብ ሲደፋ ከማንኛውም ካፖርት ይሻላል። ሁለቱም ከረጢታቸውን ደፍተው በጭቃው መንገድ ወረዱ። የሚያያቸው ቢኖር ኖሮ የዘር እህል ሊሰርቁ የሚሄዱ ሁለት ጆንያዎች ይመስሉት ነበር።

የጋሽ ምላጭ ማሳ ቦዮቹ በማበጠሪያ እንደተበጠረ ፀጉር ቀጥ ብለው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። እንዲህ ያወጧቸው ራሳቸው ናቸው፤ ውሃ ተኝቶ የሽንኩርቱን ሥር እንዳያበሰብስ። አሁን እያንዳንዱ ቦይ ትንሽ ወንዝ ሆኗል። ጋሽ ምላጭ በመጨረሻው ቦይ አፍ ላይ ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ውሃው ውስጥ ዘረጉ። ሲያነሡት ጣቶቻቸው መሀል ግራጫ ፍሬዎች ቀርተዋል፤ ግማሽ ሟሙተዋል፤ ግን ያውቋቸዋል። ዛሬ ጠዋት በገዛ እጃቸው የበተኗቸው ናቸው።

ወደሚቀጥለው ቦይ ሄዱ። እዚያም አሉ። ወደ ሌላው ሄዱ። ፍሬዎቹ እንደ እንግዳ ተሰልፈው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ውሃው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ የሚያስቆማቸው አንድ ዘለላ ሣር የለም። ጠርዙ ምላጭ የነካው ነዋ።

ጋሽ ምላጭ እፍኛቸውን ጨብጠው ወደ መደቡ ተመለሱና የያዟትን ፍሬ አንዲት የሽንኩርት ሥር አጠገብ አኖሯት። ይህ የሚያስቅ ነገር ነበር፤ ያቺ ተሳላቂ ልጅ ግን አልሳቀችም።

«ጋሽ ምላጭ!» የሚል ጩኸት ከወሰኑ ማዶ መጣ። ወይዘሮ ነገ አካፋዋን ተደግፋ ቆማለች። «በዚህ ዝናብ ደግሞ ምን ሊያሽሟጥጡኝ ወረዱ? ነገ አጭደዋለሁ ብያለሁ!»

«የትኛው ነገ?» አሉ ጋሽ ምላጭ ከልማድ።

«ያው የትናንቱ!»

ልጅቱ ግን ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። ወሰኑን ዘላ ወደ ወይዘሮ ነገ ዳርቻ ሄደች። እዚያ ከማሳው ግርጌ እስከ ውሃው ድረስ ጉልበት የሚደርስ ሣር ቆሟል፤ ከሣሩ ወዲያ ሸምበቆ አለ። ከማሳው የወረደው ደፍራሽ ውሃ ሣሩ ጋ ሲደርስ እንደደከመው መንገደኛ ይዘገያል፤ ይተኛል፤ ከሸምበቆው በወዲያ በኩል ሲወጣ ግን ቀጭንና የጠራ ነው። ጋሽ ምላጭም መጥተው አዩ። አንዴ የራሳቸውን ቡናማ ጎርፍ፣ አንዴ ይህን አዩ። ኮፍያቸውን ሊያስተካክሉ እጃቸውን ቢሰዱ ከረጢቱን አገኙት።

«ይህ ሣሩ ውስጥ የቀረው አፈር ምን ይሆናል?» ብላ ጠየቀች ልጅቱ።

«ሲያባራ በአካፋ እያነሣሁ ሽንኩርቱ ላይ እመልሰዋለሁ» አለች ወይዘሮ ነገ። «ምን ላድርግ፣ የራሴ አፈር ነው። ሲጫወት የመሸበት ልጅ ከደጅ ተጠርቶ ይገባ የለ? እንደዚያ ነው።»

«አስበሽበት ነው ሣሩን የተውሽው?» አሉ ጋሽ ምላጭ።

«እውነቱን ልንገርዎት? ወገቤን ያመኛል። ወገቤን ባያመኝም ስንፍና አለብኝ። ደግሞ ላሜ ሣሩን ትወደዋለች።»

ልጅቱ ይህን ጊዜ ሳቀች። ሦስቱም ከዝናቡ ሸሽተው የላሟ በረት ሥር ተጠጉ። ጋሽ ምላጭ ከረጢታቸውን አውልቀው ውሃውን አራገፉና ግድግዳውን ተደገፉ።

«ተረትቻለሁ። ያየሁትን እናገራለሁ ብያለሁ፤ እናገራለሁ። ግን አንቺ ልጅ፣ ይህ ቀላል ይመስልሻል? እኔ የምሳሳው ለመሬቱ አይደለም። ከጢሞ ጋር ያን ሸምበቆ ስንመነጥር እጃችን ደምቷል። አገሩ ሁሉ ከእኛ አይቶ ነው ዳርቻውን ያጸዳው። አሁን ቆሜ፣ ጎበዝ ያልናችሁ አጥፍታችኋል፤ ሰነፍ ያልናት ልክ ነበረች ልበል? ጢሞን ምን ብዬ አየዋለሁ? ይህ ሰፈር ምላጭ ብሎ ነው የሚጠራኝ!»

«ጋሼ» አለች ልጅቱ፣ «ምላጭ ጢም ይላጫል፤ ቆዳው ጋ ሲደርስ ግን ያቆማል። እናንተ ቆዳውን አልፋችሁ ነው የላጫችሁት። ያኔ አላወቃችሁም፤ የነገራችሁም የለ። ሳያውቁ ያጠፉት አያሳፍርም። ከዛሬ ወዲያ ግን አውቀዋል።»

ወይዘሮ ነገ፣ «አቤት! ይቺ ልጅ ማን ያገባታል?» አለች በአድናቆት።

«ቆይ፣ እኔም ያንቺን መምህሮች አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ ጋሽ ምላጭ፤ ትንሽ ነፍስ ዘርተዋል። «ጫማ ጠጋኙን ታውቂዋለሽ። መሬቱ እንደ ቀበቶ ነው፤ ሁሉም ዳርቻ ነው። ይህ ደንብ እንደ ወረደ ቢጸና እሱ ምን ይበላል? ሣር? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ልጅቱ ግንባሯን አከከች። «ይህን አላሰብኩትም» አለች።

«አየሽ! ውሃውን አስተማሩሽ እንጂ ጉሮሮውን አላስተማሩሽም።»

«ታዲያ ነገ ይህንንም ይናገሩ! ልብስ ቢቀደድ ይጣፋል እንጂ አይጣልም። ደንቡም ያው ነው። ብቻ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳታለልኩዎ እንዳይቆጥሩት። ታች የተኛው ማዳበሪያ ቶሎ አይወጣም። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ፍሬ ባይገባ እንኳ ሐይቁ ለመጥራት ብዙ ዓመት ይፈጅበታል።»

ጋሽ ምላጭ ወደ ውሃው አዩ። ዝናቡ ላዩን እየወጋው ነበር። «ይህን ባትነግሪኝ ይሻል ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «የለም፤ ደግ አደረግሽ» አሉ።

በማግሥቱ ስብሰባው በማኅበሩ መጋዘን ተደረገ። የሽንኩርት ጆንያዎቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተው አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ጸሐፊው ዓይኑን ሽንኩርቱ አቃጥሎት ከአሁኑ ያለቅሳል። የውሃ ቢሮው ሰው ደንቡን አንብቦ ሲቀመጥ ጉርምርምታ ሆነ። ጋሽ ጢሞ ሰፊ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ «በል ወንድሜ፣ ንገርልን!» ብለው ጮኹ።

ጋሽ ምላጭ ተነሡ። ከእንቅልፍ ጋር ሲታገሉ ያደሩ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ጽኑ ነበር።

«አይሆንም እልላችኋለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻችሁ ነበር። ቃሌን አጥፌያለሁ። ለምን እንዳጠፍኩ ስሙኝና ከዚያ ስደቡኝ።»

የኋለኞቹ ለመስማት አንገታቸውን አሰገጉ። ጋሽ ምላጭ ያዩትን አንድ ባንድ ነገሯቸው፦ ቦዮቹን፣ እፍኛቸው ውስጥ የቀሩትን ግራጫ ፍሬዎች፣ የወይዘሮ ነገን ሣር፣ ሣሩ ውስጥ የቀረውን አፈር። እዚህ ላይ ሲደርሱ ከኋላ አንዱ፣ «ወይዘሮ ነገን ሊያገቧት ነው እንዴ?» ብሎ ተሳለቀ።

የጋሽ ምላጭ ባለቤት ከሴቶቹ መሀል ዞር ብለው፣ «ይውሰዳት! የልብሱን ጭቃ ግን እሷ ትጠብ!» አሉ። ሳቁ ጆንያዎቹን አናወጠ።

«ሳቁ፤ እኔም ስስቅባት ነው የኖርኩት» አሉ ጋሽ ምላጭ። «ሐይቁ ለመለመ ብለን የተደሰትንበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ? ያበላነው እኛ ነን። በልቶ መልሶ የሚያንቀው ደግሞ የራሳችንን ሞተር ነው። እርሻ ተዉ አላልኳችሁም። የምለው ይህ ነው፦ ደመና አይታችሁ ከረጢት አትፍቱ፤ ዝናቡ ይለፍ፣ አፈሩ ሲርስ በትናችሁ አልብሱት። ቦያችሁን ቁልቁል ሳይሆን ወደ ጎን አውጡት፤ ውሃው እየተራመደ ይውረድ እንጂ አይሩጥ። ዳርቻውን ለሣር ተዉት፤ ሣሩን እያጨዳችሁ ከብት አብሉት። አፈራችሁ ይቀርላችኋል፤ ማዳበሪያችሁ ለሽንኩርታችሁ ይሆናል፤ ላማችሁ ትጠግባለች። ከዚህ የሚቀርባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ጎበዝ መባል።»

ቀጥለው ወደ ውሃ ቢሮው ሰው ዞሩ። «አንተም ስማ። መሬታቸው በሙሉ ዳርቻ የሆነ ሰዎች አሉ። ከመጋዘኑ በላይ ካለው የማኅበሩ መሬት ምትክ እስኪሰጣቸው ደንቡ አይንካቸው። የከተማውንም ፍሳሽ እንጠይቃለን፤ ከዛሬ ጀምሮ የምንጠይቅበት አፍ አለን። እነዚህ ይጨመሩና እኔ እጄን አወጣለሁ።»

ጫማ ጠጋኙ ከጥጉ ብድግ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። የውሃ ቢሮው ሰው ከጸሐፊው ጋር ተንሾካሽኮ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ያን ጊዜ ጋሽ ጢሞ ተነሡ። ፊታቸው ቀልቷል። «እጄን አድምቼ የመነጠርኩትን መልሼ ላብቅል? ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! እሺ፣ አንድ ነገር መልስልኝ። ይህን ሁሉ አድርገን ሐይቁ ሲጠራ በዕድሜህ ታየዋለህ?»

ሁሉም ጋሽ ምላጭን አየ። እሳቸው በር ላይ የቆመችውን የመካኒኩን ልጅ አዩ። ልጅቱ ዓይኗን አላሸሸችም፤ ውሸትም አላበደረቻቸውም።

«ላላየው እችላለሁ» አሉ ጋሽ ምላጭ። «ያበላሸሁት ግን በዕድሜዬ ነው።»

የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ «የተስማማችሁ እጃችሁን አውጡ» አለ። የመጀመሪያዋን እጅ ያወጣችው ወይዘሮ ነገ ነበረች፤ በሕይወቷ አንድን ነገር ከሰው ቀድማ ስትሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። ቀጥሎ ጫማ ጠጋኙ፣ ቀጥሎ የጋሽ ምላጭ ባለቤት፣ ቀጥሎ አንድ በአንድ፣ አንዳንዱም ጎረቤቱን በጎን እያየ፣ ከግማሽ የሚበልጠው መጋዘን እጁን አወጣ። ጋሽ ጢሞ ሁለት እጆቻቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ፣ ባልንጀራቸውን ሳይሰናበቱ ወጡ።

ሰው የለመደውን ሲተው የሚከብደው ሥራው አይደለም፤ ትናንት ለምን አላወቅሁም የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ፈርቶ የሚቀመጥ ሰው ሐይቁንም አፈሩንም ያጣል፤ ጥያቄውን ግን አያመልጠውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ሰዎች ቅጠሉን በጊዜ የቆረጡ ናቸው። ዳር ላይ የቆመ ሣር ሥራ የፈታ ይመስላል፤ ቀንና ሌሊት ግን አፈር ይይዛል፣ ውሃ ያጠራል፣ ከብት ይቀልባል፤ ደመወዝም አይጠይቅም። ከንግግሩ ሁሉ በልጦ የጸናው ግን በማግሥቱ የታየው ነው።

በማግሥቱ ጋሽ ምላጭ ከማንም ቀድመው ማሳቸው ወረዱ። ከውሃው ጫፍ የጭነት መኪናውን ርዝመት በገመድ ለክተው ችካል ተከሉ። ከችካሉ እስከ ውሃው ያሉትን የቲማቲም ችግኞች እየነቀሉ ወደ ላይ አዛወሩ፤ ያቺን ውሃ ውስጥ መልኳን የምታየውንም ጭምር። ከዚያ ዶማቸውን ይዘው ቦዮቹን ከቁልቁለት ወደ ጎን ማዞር ጀመሩ። ይህ ሥራ ለእጃቸው እንግዳ ነው። ቦዩ እየተጠማዘዘ አስቸገራቸው፤ ሁለት ጊዜ አፈረሱት፤ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ፤ እንደገና ጎነበሱ።

ቀና ሲሉ ወሰኑ ላይ ጋሽ ጢሞን አዩ። ዶማ በትከሻቸው ነው። ከስብሰባው ወዲህ አልተነጋገሩም። ጋሽ ምላጭ ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«ምን ታያለህ?» አሉ።

«ቦይህ ጠማማ ነው» አሉ ጋሽ ጢሞ።

«አውቃለሁ።»

«እባብ ያወጣው ነው የሚመስለው። ውሃው እዚህ ጋ ይተኛል፣ እዚያ ጋ ሰብሮ ይሄዳል። ይህን ሰው ቢያይ ምን ይላል?»

«ታዲያ ዳር ቆመህ ከምታወራ ገብተህ አታቀናልኝም?»

ጋሽ ጢሞ ወደ ሐይቁ አዩ፣ ወደ ችካሉ አዩ፣ ወደ ጠማማው ቦይ አዩ። ከሁሉም ያልቻሉት ጠማማውን ቦይ ማየት ነበር። ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ «ድሮም ያለ እኔ ቀጥ አድርገህ አታውቅም!» እያሉ ጭቃው ውስጥ ገቡ።